ልጄን ዌይትሊስት (ተጠባባቂ) አደረጓት፤ እንጠብቅ ወይስ እንርሳው?

የሁለት ልጆች እናት (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም እንዴት ናችሁ። እዚህ ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ጨነቀኝ።

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ከድሮ ጀምሮ የምትመኘው አንድ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ቦስተን አካባቢ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ዘጠነኛ ክፍል ሆና ልትጎበኘው ሄዳ ስሙ የተጻፈበት ሹራብ ገዝታ መጣች። ያ ሹራብ ሦስት ዓመት ሙሉ ከላይዋ አልወረደም። እጅጌው ሲተረተር እኔ ነኝ የሰፋሁላት።

ባለፈው ሐሙስ ማታ መልሱ የሚወጣበት ቀን ነበር። እኔ የጾም ሽሮ እየሠራሁ ነው፣ እሷ ሳሎን ላፕቶፗን ይዛ ተቀምጣለች። ድንገት ጭጭ አለች። ብቅ ብዬ ሳያት ስክሪኑ ላይ አፍጥጣለች። አታለቅስም፣ አትስቅም።

«ምነው፣ እምቢ አሉ?» አልኳት።

«አይ።»

«ታዲያ ተቀበሉሽ?»

«አይ።»

«እንዴ! ታዲያ ምንድን ነው ያሉሽ?»

«ዌይትሊስት።»

ሽሮው አረረ።

እዚሁ ቅርባችን ያለው ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ማለቴ ነው፣ ፌብሩዋሪ አካባቢ ተቀብሏታል። ፔንሲልቬንያ ያለ አንድ ትንሽ ኮሌጅም እንደዚሁ። ስለነሱ ግን ማውራት አትፈልግም። ከክፍሏ አትወጣም፣ ሌሊት እኛ ስንተኛ ነው ወጥታ የምትበላው። እምቢ ቢሏት ኖሮ አልቅሳ ይወጣላት ነበር፣ ይኼ ግን እንደ ተንጠለጠለ ነገር ሆነ።

ጥፋቱ የእኔም ነው። ማኅበር ላይ አፌን መሰብሰብ አቅቶኝ አውርቻለሁ። ደሴ ያለችው እናቴ ደግሞ ለጎረቤት ሁሉ «የልጅ ልጄ ቦስተን ልትገባ ነው» ብላ ጨርሳለች። አሁን ሰው ባየኝ ቁጥር «እንዴት ሆነች?» ይለኛል።

እና ጥያቄዬ፣ እውነት ከዚያ ዝርዝር ላይ የሚጠራ ሰው አለ? ስልክ ብደውልላቸውስ? ባለቤቴ ደግሞ «አሁን ለኮሌጅ ፓርክ ዲፖዚት (የቦታ መያዣ) ከፍለን ነገ ቦስተኖቹ ቢጠሯት ገንዘባችን ሊበላ ነው፣ ትንሽ እንቆይ» ይላል። እኔ ልቤ ሁለት ሆኗል። ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

---

ቀለሟ

እህቴ፣ አይዞሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ የእኛን ልጆች የኮሌጅ ማመልከቻ በማገዝ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። በየዓመቱ ማርች መጨረሻ ላይ ይኼ ጥያቄ ይመጣል።

መጀመሪያ ለባለቤትሽ። እባክሽ ዛሬውኑ ንገሪው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንባችሁ። የመወሰኛው ቀን ሜይ 1 ካለፈና ኮሌጅ ፓርክ ላይ ዲፖዚት ካላስያዛችሁ ያ ቦታ ሊሄድ ይችላል፣ ቦስተኖቹም ላይጠሯት ይችላሉ። ከሁለቱም ወጣችሁ ማለት ነው። ዲፖዚቱ ብዙ ጊዜ አይመለስም፣ እውነት ነው። ከጠሯት ያ ገንዘብ ይበላል። ግን ጥቂት መቶ ዶላር ነው፣ ልጅቷ መስከረምን ያለ ትምህርት ቤት ከምትቀበል ይሻላል። አንድ ቦታ ዲፖዚት ከፍሎ ሌላ ቦታ ዌይትሊስት ላይ መቆየት ደግሞ ነውር የለውም፣ ሁሉም የሚያውቀው አሠራር ነው። ነውር የሚሆነው የተቀበሏት ሁለት ትምህርት ቤቶች ላይ በአንዴ ዲፖዚት መክፈል ነው። እሱን እንዳታደርጉት።

ሁለተኛ፣ ዌይትሊስት ተደረገች ማለት ዝርዝሩ ውስጥ ገባች ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ይኼን አያውቅም። ፖርታሉ ላይ (መልሱን ያየችበት የዩኒቨርሲቲው ገጽ) ገብታ «አዎ፣ መጠበቅ እፈልጋለሁ» ብላ መጫን አለባት። የመጨረሻ ቀን አለው። ዝም ካለች ትታዋለች ብለው ነው የሚወስዱት። አንዱ ልጅ «እነሱ ራሳቸው ጽፈውኛል፣ ምን እጫናለሁ?» ብሎ ቀኑ አልፎበታል።

ለምን እንደዚህ እንደሚያደርጉ ደግሞ ልንገርሽ፣ ልጅቷ የራሷ ጉድለት እንዳይመስላት። ዩኒቨርሲቲው ከተቀበላቸው ልጆች ውስጥ ስንቱ እንደሚመጣ አያውቅም። አንድ ልጅ አሥር ቦታ ይገባና አንዱን ይመርጣል፣ ዘጠኙ ጋ ክፍት ቦታ ይተዋል። ስለዚህ እንደ ድግስ ነው፣ ደጋሹ የተጠራው ሁሉ ይምጣ አይምጣ አያውቅም። ሜይ 1 ሲያልፍ ይቆጥራሉ። ከጎደለ ከዝርዝሩ ይጠራሉ፣ ከሞላ ማንንም አይጠሩም። እስከ 2019 (በፈረንጆቹ) ድረስ የኮሌጅ አማካሪዎቹ ማኅበር ደንብ ከሜይ 1 በኋላ ሌላ ቦታ ዲፖዚት የከፈለ ልጅ እንዳይባበል ይከለክል ነበር። የአሜሪካ መንግሥት «ይኼ ውድድርን ይገድባል» ሲላቸው አነሡት። ስለዚህ ዛሬ ከሜይ 1 በኋላም የያዙት ልጅ ሊነጠቅባቸው ይችላል፣ ረጅም ዝርዝር መያዝ ይወዳሉ።

አብዛኞቹ ጋ ደግሞ ሰልፍ የለውም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ መቶኛ የሚባል ነገር የለም። የጎደለውን ዓይተው ነው የሚያነሡት። ኢንጂነሪንግ ከጎደለ ኢንጂነሪንግ፣ ከሩቅ ስቴት የሚመጣ ከጎደለ ከዚያ። ልጅሽ አንሳ አይደለም፣ ከተጠራችም በልጣ ላይሆን ይችላል።

ዕድሉን ማወቅ ከፈለግሽ የትምህርት ቤቱን ስምና «ኮመን ዳታ ሴት» (Common Data Set) ብለሽ ጉግል አድርጊ፣ ትምህርት ቤቶቹ ስለራሳቸው ቁጥር የሚያወጡበት ሰነድ ነው። ሲ2 የሚለው ክፍል ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ ስንት ልጅ ዝርዝሩን አቀረቡለት፣ ስንቱ እሺ አለ፣ ስንቱ ገባ። የሁለት ሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን እዩት። ያው ትምህርት ቤት አንድ ዓመት መቶ ልጅ ወስዶ በሚቀጥለው ዜሮ ሊወስድ ይችላል። ይኼን ቁጥር ራሷ ልጅቷ ብታየው ደስ ይለኛል።

ስልክ አትደውዪ። ስለ ደብዳቤው ከፈለግሽ እጽፍልሻለሁ።

---

ባለ ካምሪው

ቀለሟ ሁሉን ተናገረች። እኔ የደረሰብኝን ልጨምር።

የመጀመሪያ ልጄ ዌይትሊስት የተደረገ ጊዜ እኔ ደወልኩ። አንዴ አይደለም፣ አምስት ጊዜ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ተሳፋሪ ባወረድኩ ቁጥር። አምስተኛው ላይ ሴትየዋ በጣም በትሕትና «ጌታዬ፣ ልጅዎን ራሱን ላነጋግር እችላለሁ?» አለችኝ። አፈርኩ። የ18 ዓመት ልጅ አባቱ የሚደውልለት ከሆነ ምን ሊሉት ነው? ስለዚህ እህቴ እጅሽን ሰብስቢ። መደወል ካለበት እሷ ትደውል፣ አንዴ ብቻ፣ እሱም በድረ ገጻቸው ላይ መልሱን ካጣችው ነው።

ዋናው ግን ገንዘቡ ነው። ልጄን ጁን ላይ ጠሩት! እልልታ ሆነ። እናቱ ቡና አፈላች፣ ፈንዲሻው ሳይቀር ተበተነ። ለመወሰን የሰጡት ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ከዚያ የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤው መጣና ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ከእኔ የሚፈልጉት በዓመት፣ በየዓመቱ፣ ለአራት ዓመት፣ እኔ ቀንና ሌሊት ነድቼ የማላገኘው ነው። እርዳታው አብዛኛው ሜይ ሳይደርስ ለሌሎቹ ተከፋፍሏል። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ደግሞ መጀመሪያ ሲቀበል የቤተሰብ አቅም አያይም፣ ከዌይትሊስት ሲያነሣ ግን ያያል። ይኼን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛንም። ልጄ ራሱ ነው በሦስተኛው ቀን «አባ ይቅር» ያለኝ። የዚያን ቀን ፊቱን አልረሳውም።

ስለዚህ ካሁኑ አስሉት። ቢጠሯት ስንት ድረስ ትችላላችሁ? ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉትና ባልና ሚስት ተስማሙ፣ ልጅቷም ትወቀው። ፋፍሳው (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ላይ የዚያ ትምህርት ቤት ስም መኖሩን እዩ፣ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሌላ የእርዳታ ቅጽ የሚጠይቁ ከሆነም የጎደለ ወረቀት እንዳይኖር። ጠርተዋት ሦስት ቀን ሲሰጧችሁ የታክስ ወረቀት ፍለጋ ሳጥን ስታገላብጡ እንዳይመሽባችሁ።

ልጄ ኮሌጅ ፓርክ ገባ፣ ጨርሶም ሥራ ይዟል። በነገራችን ላይ የጉግል መሥራቹ ሰርጌይ ብሪን እዚያው ኮሌጅ ፓርክ ነው የተማረው፣ በ1993 ነው የተመረቀው። ይኼን ለልጄ በቀን ሦስት ጊዜ ስነግረው «አባ በቃ» አለኝ። አንቺ አትንገሪያት።

---

የሜሰን ልጅ

እናቴ፣ እኔ የልጅዎ ቢጤ ነኝ፣ ስለዚህ በግልጽ ልናገር፣ አይቀየሙኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት እኔም ዌይትሊስት ነበርኩ። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለችልኝ። እኔ ደግሞ ፖርታሉን በቀን ሠላሳ ጊዜ አያለሁ። ሽንት ቤት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ የምረቃ ልምምድ ላይ ሳይቀር። ጁን መጨረሻ ላይ «ዝርዝሩ ተዘግቷል፣ እናመሰግናለን» የሚል ሁለት መስመር ኢሜይል መጣ። ያን ቀን የሚገርመው ቀለል አለኝ።

የጎዳኝ ዌይትሊስቱ አልነበረም። ስልኩ ነው። አክስቴ ከዳላስ፣ አጎቴ ከሪያድ፣ እናቴ ስፒከር ላይ አድርጋ «እስኪ አንቺው ንገሪያቸው» ትለኛለች። ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳለሁ። አስረድቼ ስጨርስ ሁሉም «አይዞሽ ይጠሩሻል» ይሉኛል። አይጠሩኝም እኮ! ላም አለኝ በሰማይ እያሉ ልጅ ማጽናናት አይሆንም። አንድ ሰው «አይጠሩሽም ይሆናል፣ ምንም አይደለም» ቢለኝ እቅፍ አድርጌ እስመው ነበር።

የረዳኝን ልንገርዎት። አባቴ አንድ ማክሰኞ ከሥራ ቀርቶ ፌርፋክስ ይዞኝ ሄደ። ጉብኝት የለ፣ ምን የለ። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በርገር በላን፣ ላይብረሪው ውስጥ ተቀመጥን፣ አባቴ ወንበሩ ላይ ተኛ። ሲያንኮራፋ የአንዷ ልጅ ሳቅ አመለጣት፣ እኔም ሳቅኩ። ዛሬ ያቺ ልጅ የክፍል ጓደኛዬ ናት፣ ሳልዋሽዎት። እዚያ ተቀምጬ ነው ግቢውን የእኔ ብዬ ማየት የጀመርኩት።

ኮሌጅ ፓርክ ከእናንተ ቤት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ይውሰዷት። «እይው» አይበሏት፣ ዝም ብለው ይውሰዷት።

ሹራቡን ግን አይንኩት። እሷ ራሷ ታውልቀው።

---

ከጎጃም በረንዳ

ይቅርታ፣ እዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ሳነብ ግራ ገባኝ። ልጅቷ ሁለት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏት ነው ለቅሶ የተቀመጣችሁት?

መምህር ነኝ። በ2014 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው። እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድም አላለፈም። ውጤት የወጣ ቀን ግቢው ውስጥ የነበረውን ዝምታ እኔ ነኝ የማውቀው። እኛ ጋ ዌይትሊስት የሚባል ነገር የለም፣ ምደባ ነው። ቁጥርህን ታስገባለህ፣ ጅግጅጋ ወይ ሚዛን ቴፒ ይልሃል፣ ሻንጣህን ታስራለህ።

---

የሜሰን ልጅ

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን የእነዚያ ልጆች ሐዘን ስለበለጠ የዚች ልጅ ይጠፋል እንዴ? እርስዎ ተማሪዎችዎን ያን ቀን «ሶርያ ውስጥ ትምህርት ቤት እንኳን የለም» ብለው ነው ያጽናኗቸው?

---

ከጎጃም በረንዳ

አላልኩም። ልክ ነሽ ልጄ። የዚያን ቀን ቁጣ ነው እዚህ ያመጣሁት።

ለእናትየው ግን አንድ ነገር። ያን ዓመት ከወደቁት ልጆቼ ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገብተው የተነሡ አሉ። ከተነሡት ውስጥ ወላጆቻቸው ቤት ውስጥ ስሙን ጠርተው፣ «ወድቀሃል፣ እሺ፣ አሁን ምን እናድርግ?» ያሏቸው ይበዛሉ። ያሽሞነሞኗቸው ቆይቶባቸዋል። እዚያም እንደዚሁ ይመስለኛል።

---

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስቴ አነበብኩት። ለባለቤቴ የካምሪውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፣ ፈንዲሻው ጋ ሲደርስ ሳቀ፣ ሦስተኛው ቀን ጋ ሲደርስ ዝም አለ። ካልኩሌተር አምጥቷል።

ፖርታሉን ጠየቅኳት፣ አልተጫነችውም ነበር! ቀኑ ሊያልፍ አራት ቀን ቀርቶት ነበር። ቀለሟ፣ ነፍስ ነሽ። የደብዳቤውን ነገር ንገሪኝ እስኪ።

---

ቀለሟ

ደብዳቤው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይቀበል እንደሆነ ታጣራ፣ አንዳንዱ «ምንም አትላኩ» ይላል። እንደዚያ ካሉ ምንም አትላክ።

የሚቀበሉ ከሆነ ከአንድ ገጽ ያነሰ፣ በራሷ ቃል። አንቺም እኔም አንነካውም፣ ፊደል ስሕተት ካለ ብቻ። ማመልከቻው ላይ ያልነበረ አዲስ ነገር ይኑረው፦ የሁለተኛው ሴሚስተር ግሬድ፣ ከጃንዋሪ ወዲህ የሠራችው። ምን ትሠራለች ልጅሽ? ብዙዎቹ የእኛ ልጆች ታናናሾቻቸውን ይዘው፣ ለአያት ሐኪም ቤት አስተርጉመው፣ ቤተ ክርስቲያን ሕፃናት ፊደል አስተምረው «ምንም አልሠራሁም» ይላሉ። እሱን ነው መጻፍ። «ሀ ሁን ለስድስት ዓመት ልጆች ሳስተምር ይኼ ገጠመኝ» የሚል አንድ አንቀጽ «ትምህርት ቤታችሁ ታላቅ ነው» ከሚል ሦስት ገጽ ይበልጣል። ትልቅነታቸውን እነሱም ያውቁታል።

«ብትቀበሉኝ በእርግጥ እመጣለሁ» የሚለውን ትጻፍ፣ ግን እውነት ከሆነ ብቻ። የካምሪው አባት እንዳለው ገንዘቡን አስልታችሁ ካልጨረሳችሁ ያን ዓረፍተ ነገር አትጻፍ።

አንዴ ትላክ፣ ከዚያ በቃ። ኬክ የላከ፣ ፎቶውን በፍሬም አድርጎ የላከ አውቃለሁ። የቄስ የድጋፍ ደብዳቤም አይረዳም፣ አንቺ ደግሞ ሳታስቢው አትቀሪም። ከዚያ በኋላ ከሜይ እስከ ጁን፣ አንዳንዴም እስከ ጁላይ ሊዘልቅ ይችላል። ኢሜይሏን የምታይበት አንድ ሰዓት ትቁረጥ፣ ማታ ከእራት በኋላ ለምሳሌ። ቀኑን ሙሉ ከሆነ ሰው አይተርፍም።

---

የሁለት ልጆች እናት

ከወር በላይ ጠፋሁባችሁ። ያለውን ልንገራችሁ።

ደብዳቤውን ልካለች። ስለ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤቱ ጻፈች፣ «ጸ»ን እና «ፀ»ን ለምን ሁለት እንዳደረግን አንድ ልጅ ጠይቋት መልስ ስላጣችበት ቀን። እኔም መልሱን አላውቀውም። አላረምኩም፣ እጄን ይዤ ተቀመጥኩ።

ዲፖዚቱን ሜይ 1 ከፈልን። ያው ሚያዝያ 23፣ ጊዮርጊስ ነው፤ ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መጥቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ካርዱን አውጥቶ «በሉ» አለ። የምንችለውን ቁጥርም ፍሪጁ ላይ ለጥፈነዋል። ልጅቷ መጀመሪያ ዓይታው ተቆጣች፣ «ይኼን ያህል ነው የምትችሉት?» ብላ። ቆይታ ደግሞ መጥታ ከሥሩ የእሷን የበጋ ሥራ ገቢ ጨምራ ደመረችበት።

ኮሌጅ ፓርክ ሁለቴ ወሰድኳት። መጀመሪያ ቀን ከመኪና አልወረደችም። ሁለተኛው ቀን ወርዳ ብቻዋን ሄደች፣ እኔ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅኩ። ምን እንዳየች አልጠየቅኳትም፣ አፌን እንዴት እንደያዝኩ እኔና ጊዮርጊስ ነን የምናውቀው።

ቦስተኖቹ እስከ ዛሬ ዝም ናቸው።

ለእናቴ ግን እኔ አልነገርኳትም፣ ልጅቷ ራሷ ናት ስልኩን ከእጄ የወሰደችው። በተሰባበረ አማርኛዋ «እማማ፣ ቦስተን አልተቀበሉኝም፣ እምቢም አላሉም፣ ተጠባባቂ ነኝ» አለቻት። እናቴ ዝም አለች፣ ከዚያ «ማንን ነው የምትጠብቂው ልጄ? ማን ታሞ ነው?» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። ስታስረዳት ቆይታ መጨረሻ ላይ «እንግዲያው ሲጠሩሽ ይጠሩሻል፣ ያኛው ለእናትሽ ቤት ቅርብ ነው?» አለቻት። «አሥራ አምስት ደቂቃ።» «እሰይ» አለች እናቴ።

ሹራቡ ሰሞኑን ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ አያለሁ። አልነካሁትም።

አሁን ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። የዶርም አልጋ ከተራው ይረዝማል አሉ፣ ትዊን ኤክስኤል የሚባል አንሶላ ነው የሚሆነው። በርካሽ የት አገኛለሁ?

---

ባለ ካምሪው

አትግዢ። የልጄ ሁለት አንሶላ እቤት ተቀምጧል፣ ታጥቧል። አድራሻ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ በዚያ በኩል ሳልፍ አደርሳለሁ።